ኮምፕሬሰርና የጊታር አምፕ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሰር ፔዳሌን በጊታሩና በቲዩብ አምፕሊፋየሬ መካከል አስገብቼዋለሁ። ክሊን (ባልተዛባ ድምፅ) ስጫወት ልዩነቱ በደንብ ይሰማኛል። የአምፑን ጌይን (የመግቢያ ማጉያውን) ከፍ ሳደርግ ግን ፔዳሉ ቢበራም ቢጠፋም ያው ነው፤ የሚጨምረው «ሽ…» የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ አምፑ ሥራውን ቀምቶት ነው። ኮምፕሬሰር ኃይለኛውን ምት ዝቅ አድርጎ አጠቃላይ ድምፁን መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ በጠንካራና በደካማ ምት መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ዲስቶርሽንም (ጌይን ሲበዛ የሚመጣው የድምፅ መዛባት) በሌላ መንገድ ይህንኑ ይሠራል። ቲዩቡ (በአምፑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው የመስተዋት ቱቦ) ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱን ጫፍ ስለሚቆርጥ፣ በኃይል ቢመቱም በቀስታ ቢመቱም ድምፁ ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ይቆማል። አንዴ የተስተካከለውን ደግሞ ማስተካከል ለጆሮ የሚጨምረው ነገር የለም።

የ«ሽ…»ው ሒሳብ ቀላል ነው። ፔዳሉ ምቱን በ10 ዴሲቤል ዝቅ ሲያደርግ እርስዎ ያንኑ 10 ዴሲቤል በሌቭል ማዞሪያው ከመለሱለት፣ ክሮቹ ዝም ባሉበት ጊዜ ከፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው የጊታሩ ክፍል) የሚመጣው ድምፅ 10 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ወደ አምፑ ይገባል። የአምፑ ጌይን ደግሞ በላዩ ላይ ይደረብበታል። ስለዚህ በከፍተኛ ጌይን ሲጫወቱ ያጥፉት። በመጠነኛ ኦቨርድራይቭ (ለስለስ ባለ ዲስቶርሽን) ግን ጥቅም አለው፦ የአምፑን ጌይን ትንሽ ቀንሰው ሰስቴይኑን (የኖታውን መርዘም) ከኮምፕሬሰሩ ቢወስዱ፣ ኖታው እየረዘመም በቾርዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይሰማል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። አምፑ ቲዩብ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር ቲዩብ) ካለው፣ ቮልዩሙ ከፍ ባለበት ሰዓት ከባድ ቾርድ ሲመቱ የኃይል መስጫው ቮልቴጅ ለአፍታ ይወርድና መልሶ ይነሣል። 5ዩ4 በሚባለው የሬክቲፋየር ቲዩብ ይህ ጂዜድ34 ከሚባለው ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ በዳዮድ ሬክቲፋየር ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ይህም ራሱ ኮምፕሬሽን ነው። ቤት ውስጥ በዝቅተኛ ቮልዩም ያስተካከሉት ፔዳል መድረክ ላይ ድምፁን የታፈነ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። መድረክ ላይ የፔዳሉን ሰስቴይን ማዞሪያ ቢያንስ በግማሽ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሰሩን ካበራሁ ወዲህ የፒኩ (የክር መምቻው) ምት ጠፋ፤ አጨዋወቴ ሁሉ የደነዘዘ መሰለ። ማዞሪያዎቹን በምን ቅደም ተከተል ላስተካክል?

መልስ፦ አታኩ (ፔዳሉ ምቱን ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ) ከመጠን በላይ ፈጥኖብዎታል። ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ባለ አታክ ፔዳሉ የፒኩን ምት ገና ሲነሣ ይይዘዋል። ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ቢያደርጉት ምቱ ያልፍና ተከትሎ የሚመጣው የኖታው አካል ብቻ ይያዛል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዳንዱ ፔዳል ማዞሪያው ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘገያል፣ አንዳንዱ ይፈጥናል። ቁጥሩን ሳይሆን ጆሮዎን ይመኑ።

ሲጀምሩ ሬሾውን 4 ለ 1 ያድርጉ። ይህ ማለት ስሬሾልድ ከሚባለው መነሻ በ8 ዴሲቤል የሚያልፍ ምት በ2 ዴሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል ማለት ነው። ቀጥሎ ስሬሾልዱን ቀስ እያደረጉ ያውርዱ፤ በቀስታ ሲመቱ ምንም ለውጥ ሳይኖር፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱ ብቻ ያዝ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ያቁሙ። መለኪያ መብራት ካለው ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቅነሳ ይበቃል። ሌቭሉን የሚያስተካክሉት በመጨረሻ ነው፦ ፔዳሉን እያበሩ እያጠፉ የሁለቱን ከፍታ እኩል ያድርጉ። ይህን ካልዘለሉት አይሳሳቱም፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ጆሮ የሚታለለው እዚህ ነው።

ሪሊዙ (ፔዳሉ የያዘውን ድምፅ ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ) ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን ለአብዛኛው አጨዋወት ይስማማል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ የግማሽ ምት ርዝመት 250 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሪሊዙ ከዚያ ከበለጠ ሁለተኛው ምት የሚመጣው የመጀመሪያው ገና ታፍኖ ሳለ ነው። በጣም ካሳጠሩት ደግሞ ወፍራሙ ክር ይሻክራል። የዚያ ክር ድምፅ በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ስለሚርገበገብ አንዱ ዙር 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ሪሊዙ ወደዚያ ሲጠጋ ፔዳሉ የኖታውን ከፍታ ትቶ ሞገዱን ራሱን ማሳደድ ይጀምራል።

እንደ ኤምኤክስአር ዳይና ኮምፕ ሁለት ማዞሪያ ብቻ ባለው ፔዳል አታኩን መንካት ካልቻሉ፣ ያለዎት መንገድ ሴንሲቲቪቲውን (የኮምፕሬሽኑን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ) ዝቅ ማድረግ ነው። ብሌንድ (ያልተነካውን ድምፅ ከኮምፕሬሰሩ ድምፅ ጋር የሚቀላቅል ማዞሪያ) ያለው ፔዳል ካገኙ ግማሹን ያልተነካ ድምፅ ያስገቡበት፤ የፒኩ ምት ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ከሌሎቹ ፔዳሎች የትኛው ይቅደም?

መልስ፦ ጊታር፣ ኮምፕሬሰር፣ ኦቨርድራይቭ፣ አምፕ። ፈዝ (ድምፁን በጣም የሚያሻክር የዲስቶርሽን ፔዳል) ካለዎት እሱ ከኮምፕሬሰሩ ይቅደም፤ በተለይ የፈዝ ፌስ ዓይነት ዝቅተኛ የመግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) ስላለው ከጊታሩ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ነው ባሕርዩን የሚያሳየው። ዲሌይና ሪቨርብ (ማሚቶ የሚፈጥሩት ፔዳሎች) ከኋላ ይሁኑ፤ ከፊት ከሆኑ ኮምፕሬሰሩ እየደከመ የሚሄደውን ማሚቶ እየጎተተ ያነሣዋል። ኮምፕሬሰሩን በአምፑ ኢፌክት ሉፕ (ከአምፑ ጌይን በኋላ ፔዳል የሚገባበት መሰኪያ) ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሉፕ ለስቱዲዮ መሣሪያ የሚሆን ከፍ ያለ ሲግናል ስለሚያወጣ የጊታር ፔዳልን ያጨናንቀዋል። ሉፑ የደረጃ መምረጫ ካለው ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ከሌለው ፔዳሉን ወደ ፊት ይመልሱት።