ገመዱ ነው ወይስ ቤቱ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ያገለገለ አምፕሊፋየርና ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር ገዝቼ ሳሎን ውስጥ ግራና ቀኝ ጥጉ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ግን እምምም እያለ ዘፋኙን ይውጠዋል። ጓደኛዬ ደግሞ ውድ ገመድ ካልገዛህ ልፋትህ ከንቱ ነው እያለ ነጋ ጠባ ይጨቀጭቀኛል፣ ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ 5 ሜትር ይሆናል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ብርህን ያዝ። ለ5 ሜትር ኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ የምታገኘው ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ከበቂ በላይ ነው፣ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ በኦም የሚለካው) ደርሶ መልስ 0.07 ኦም ገደማ ነው፣ ከ8 ኦም ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ጓደኛህ ግን በዚህ አይረታልህም፣ የገመድ ክርክር መቼም አያልቅም።

ችግሩ ጥጉ ነው። ስፒከር ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ሲቀመጥ ቤዙ ያብጣል፣ ስለዚህ ከኋላም ከጎንም ግማሽ ሜትር ያህል አውጣውና ስማው፣ ካልተስተካከለ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስክ ሞክር፣ ትዊተሩም (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ስትቀመጥ ከጆሮህ ትክክል ይሁን። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ጣልበት፣ ወፍራም መጋረጃም ይረዳል። ከዛ አንድ ድምፅና ማሲንቆ ብቻ ያለበት ነገር ክፈት፣ ዘፋኙ መሀል ላይ ካልቆመልህ ከአንዱ ስፒከር ጀርባ ቀይና ጥቁሩን የገመድ መሰኪያ ገልብጠህ እንዳይሆን እይ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ገመድ ስፒከሩም አይለይም እሱን ቻለው!

መብራት ሲሄድ ደግሞ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀለው፣ ተመልሶ እስኪረጋ አትሰካው።