ክሮም ማገጃዬን አጠፋብኝ፤ ወዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ያሉኝ ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ሁለቱም 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ወንድሜ ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባል ማስታወቂያ ማገጃ ጭኖልኝ በሰላም ስሠራ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ክሮም «ይህ ኤክስቴንሽን ከእንግዲህ አይደገፍም» ብሎ አጥፍቶታል። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ ልቀይር ስገባ የቱ እውነተኛው ዳውንሎድ እንደሆነ ግራ ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት አንዱን አረንጓዴ ቁልፍ ነክቼ፣ አሁን በስክሪኑ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል ነገር በየደቂቃው ብቅ ይላል። ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚያይ አፍራለሁ። ክሮምን ልተወው? ብተወውስ የቱን ልያዝ?
ባለሱቋ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያሳፈረሽን ነገር እናንሳ። ያ በጥግ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። ገጹ «ኖቲፊኬሽን ልላክ?» ብሎ ሲጠይቅ በችኮላ «አላው» ብለሽው ነው። ክሮም ውስጥ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ግቢና እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው ውስጥ የማታውቂውን አድራሻ ሁሉ አውጪ። ካልቆመ፣ ወይም ያን ቀን የወረደ ፋይል ከፍተሽ ከነበረ ግን ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ሙሉ ስካን አድርጊ።

እኔም ቤት ደርሷል። የእህቴ ልጅ የፕሪንተር ድራይቨር ፍለጋ የገባበት ገጽ ላይ ሦስት ዳውንሎድ ነበር። ሁለቱ የመዳፍ ያህል ትልልቅ፣ አረንጓዴ፤ ሦስተኛው ከታች በቀጭን ሰማያዊ ፊደል የተጻፈ። እውነተኛው ቀጭኑ ነበር፤ ልጁ ትልቁን ተጫነ፤ እኔም እሑዴን ዊንዶውስ ስጭን ዋልኩ። ማገጃው ቢኖር ሁለቱ አረንጓዴዎች ዓይኑ ፊት ባልመጡ ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንኳ በዲሴምበር 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ አጭበርባሪዎች የታወቀ ድርጅት መስለው የፍለጋ ማስታወቂያ ስለሚገዙ ሰው ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።)

አሁን ወደ ክሮም። ማገጃሽን የወንድምሽ ስህተት ወይም የኮምፒውተርሽ ማርጀት አላጠፋውም። ጉግል ኤክስቴንሽኖች (እንደ ማገጃሽ ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚሠሩበትን ደንብ ቀይሮ ነው። አዲሱ ደንብ ማኒፌስት ቪ3 ይባላል፤ ሐሳቡ የተሰማው በ2018 ነበር፣ አሮጌዎቹን ማጥፋት የተጀመረው በ2024 ነው፣ በ2025 አጋማሽ ላይ በሩ ጨርሶ ተዘጋ።

ነገሩን በዘበኛ ልንገርሽ። ድሮ ማገጃው በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነበር። ብሮውዘሩ ምስል፣ ቪዲዮ፣ መከታተያ ኮድ ሊያመጣ በወጣ ቁጥር «ይህ ይግባ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ዘበኛውም መልኩን፣ አመጣጡን አይቶ እዚያው ይወስናል። በአዲሱ ደንብ ዘበኛው ከበር ተነሥቷል። የማይገቡትን ስም አስቀድሞ ጽፎ ለቤቱ ባለቤት፣ ለጉግሉ ክሮም፣ ይሰጣል፤ በር ላይ የሚቆመው ባለቤቱ ራሱ ነው። ዝርዝሩም ልክ አለው፤ ለአንድ ኤክስቴንሽን ዋስትና ያለው 30,000 የማገጃ መስመር ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከሌሎች ጋር ይሻማል። ባለቤቱ ደግሞ ዋና ገቢው ከእነዚያው እንግዶች፣ ከማስታወቂያ ነው።

ጉግል ያቀረበው ምክንያት ደኅንነትና ፍጥነት ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ የምትከፍቺውን ሁሉ የሚያይ ኤክስቴንሽን መጥፎ ሰው እጅ ከወደቀ ጉድ ነው። ነገር ግን አዲሱ ደንብ ፈቃድ ያገኘ ኤክስቴንሽን የሚያልፈውን እንዳያይ አልከለከለም፤ የተወሰደው እዚያው የማገድ ሥልጣኑ ነው። ለእኔ ይህ ክርክሩን ያሳንሰዋል።

እንግዲህ ለሱቅሽ የምመርጠው ፋየርፎክስን ነው። አሮጌውንም አዲሱንም ደንብ ስለያዘ ዩብሎክ ኦሪጅን በሙሉ ጉልበቱ ይሠራበታል። ስትጭኚ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ «ኦሪጅን» የሚለው ቃል ይኑርበት፣ አዘጋጁም ሬይመንድ ሂል ይበል። ሰውየው የመጀመሪያውን ዩብሎክ በ2015 ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ የራሱን መንገድ በኦሪጅን ስም ቀጠለ። መዋጮ እንኳ አይቀበልም። ሌላ ማገጃ አትደርቢበት፤ ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ ይጣላሉ።

4 ጊጋ ራም ላይ ፋየርፎክስ ከክሮም ይቀላል ብዬ አልዋሽሽም። የሚያቀልልሽ የማይጫነው ማስታወቂያ ነው፤ የዳታ ፓኬጅሽም እንደዚያው ይተርፋል። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላም መልአክ አይደለም፤ ከገቢው አብዛኛው የሚመጣው ጉግልን ዋና የፍለጋ ሞተር አድርጎ በማስቀመጡ ከዚያው ከጉግል ነው።

ሌላው አማራጭ ብሬቭ ነው። ማገጃው ኤክስቴንሽን ሳይሆን በብሮውዘሩ ሆድ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ የጉግል ደንብ አይነካውም፤ መልኩም ለክሮም ልማደኛ አይከብድም። የራሱን ማስታወቂያና የክሪፕቶ ነገር ግን ያመጣብሻል፤ ሴቲንግስ ገብተሽ ማጥፋት ይኖርብሻል። እኔ ደንበኛ ፊት ለሚከፈት ኮምፒውተር አልወደውም።

ክሮምን አታራግፊው። ፋየርፎክስ ላይ እምቢ የሚል የመንግሥት ወይም የባንክ ገጽ ሲያጋጥምሽ ያስፈልግሻል። እዚያም ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ጫኚበት፤ ይህ በአዲሱ ደንብ የተሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ከባዶ እጅ በእጅጉ ይሻላል። አሮጌውን በሬጂስትሪ (በዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር) እመልስልሻለሁ የሚል የቲክቶክ ባለሙያ ከገጠመሽ ግን እለፊው። ያ መንገድ ከክሮም 139 ወዲህ የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ተማሪው ቴሌግራሙን ወይም ኢሜይሉን ከፍቶ ፋይል ካወረደ በኋላ ፋየርፎክስ «ፓስዎርዱን ላስቀምጥ?» ይላል፤ በሱቅ ኮምፒውተር ላይ ይህን ጥያቄ ከሴቲንግስ ጨርሰሽ አጥፊው። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ እሱ ግን የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ የያዝኩት አይፎን ነው። ፋየርፎክስ ብጭን ዩብሎክ ይገባልኛል?
አንዲት እናት

መልስ፦ አይገባም፣ እናቴ። አንድሮይድ ላይ ቢሆን ፋየርፎክስ ጭነው ዩብሎክ ኦሪጅንን እንደ ኮምፒውተር ያስገቡበት ነበር። አሜሪካ ባለው አይፎን ግን የትኛውንም ብሮውዘር ቢጭኑ ውስጡ ገጹን የሚከፍተው የአፕል ሞተር ነው፤ የአይፎኑ ፋየርፎክስም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ሳፋሪዎን ይያዙ። ከ2015 ጀምሮ ማገጃ ይቀበላል፣ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትም ከ2025 ወዲህ አፕ ስቶር ላይ አለ። ከጫኑት በኋላ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ሳፋሪ፣ ኤክስቴንሽንስ ገብተው በእጅዎ ማብራት አለብዎት። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚያራግፈው ይህችን ሳያበራ ነው።