ከፓኔሉ በፊት ቆጣሪዎን ያንብቡ

የመብራት ክፍያዎ በየወሩ እየናረ መሆኑን ገልጸው፣ «ጣሪያዬ ላይ አራት የሶላር ፓኔል ባስተክል እገላገላለሁ ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ቤቴ በሶላር መጠቀም ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። እባክዎ ገና አይግዙ።

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ሲመሽና ሲነጋ ቆጣሪዎን እያነበቡ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። እኔ ይህን ያደረግሁት ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ ነው። ልጆቼን «አምፖል አጥፉ!» እያልሁ ስቆጣ ኖሬ፣ ሂሳቡን የሚያንረው የውሃ ማሞቂያው ሆኖ ተገኘ። ባለ 9 ዋት አሥር አምፖሎች አምስት ሰዓት ሙሉ ቢበሩ የሚፈጁት 450 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ ያንኑ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ምድጃውም ካውያውም ያው ነው። ውሃውን በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቅ መሣሪያ ሳስገባ ክፍያዬ ፓኔል ከተከልሁበት ጊዜ ይበልጥ ቀነሰ።

ትልቁ ኪሳራዬ ግን ባትሪው ነው። የገዛሁት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ነበር። እንዲህ ያለው ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው የያዘው ኃይል ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ማቀዝቀዣ አስሬበት፣ ኢንቨርተሩ (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ) ጎህ ሳይቀድ እየጮኸ ይቀሰቅሰን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሲገዙት ውድ ነው፤ በጥልቀት መውረዱን ግን እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይችላል። የትኛውንም ቢመርጡ መጠኑን የሚወስነው የሌሊት ፍጆታዎ ነው፤ ማታና ጠዋት ያንብቡ ያልሁዎም ለዚሁ ነው።

ጥላን አይናቁ። ከቀትር በኋላ የውሃ ታንከራችን ጥላ የአንዱን ፓኔል ጥግ ብቻ ይነካ ነበር። በተከታታይ የተያያዙ ስለነበሩ ግን የሁሉም ምርት አብሮ ይወርዳል። ታንከሩን ሁለት ሜትር አሸሸነውና ችግሩ ተፈታ። በ400 ዋት የሚሸጥ ፓኔልም ቀኑን ሙሉ 400 ዋት አይሰጥም፤ ቁጥሩ የተለካው ኃይለኛ ብርሃን ባለበትና የፓኔሉ ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነበት ሁኔታ ነው። ጣሪያ ላይ ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፤ አቧራም ይጨመርበታል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያዝንበት ጉዳይ አለ። ባትሪ የሌለውና ከዋናው የመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ሶላር፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኢንቨርተሩ የሚቆመው ወደ መስመሩ ኃይል ልኮ የሚጠግኑትን ሠራተኞች እንዳይገድል ነውና ይህን ለማለፍ ፈጽሞ አይሞክሩ። ዋናው ችግርዎ የመብራት መቆራረጥ ከሆነ ይህን ለሻጩ አስቀድመው ይንገሩት።

የሳምንቱን ንባብ ሲጨርሱ የሌሊቱን ከቀኑ ለይተው ይጻፉልን፤ የባትሪውንም የፓኔሉንም መጠን አብረን እናሰላለን።