ቤንች ስሠራ ትከሻዬን ለምን ይወጋኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን በሠራነው ብረት ስፖርት እንሠራለን። ሰሞኑን ቤንች ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ብረቱን ወደ ደረቴ ሳወርድ ቀኝ ትከሻዬን ከፊት በኩል ይወጋኛል። ልተወው ወይስ እየሠራሁ ይለቀኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስፖርቱን አትተው፤ አሠራርህን ግን ቀይር። «እየሠሩ ይለቃል» የሚባለው ለጡንቻ መዛል ነው። የሚወጋ ሕመም ላይ ብረት ከጨመርክበት ይብሳል።

ትከሻ በየአቅጣጫው የሚዞረው የክንድ አጥንት ክብ ራስ ያረፈበት ጎድጓዳ ቦታ ጥልቀት ስለሌለው ነው። ቦታውን እንዳይለቅ በዋናነት የሚይዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ደረት ብቻ ሲፈረጥም እነሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ብዙ ወጣቶች ጋ የማየውና በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረት፣ ጀርባ የለም። የምትገፋውን ያህል ሳብ። ፑል አፕ ሥራ፣ ማለትም ተንጠልጥለህ ራስህን ወደ ላይ ሳብ፤ ጎንበስ ብለህ ብረት ወደ ሆድህ ሳብ።

ቤንች ላይ ክርንህን እንደ ክንፍ አትዘርጋው፤ ከጎንህ 45 ዲግሪ ያህል ብቻ ይራቅ። የእጆችህ ርቀት ከትከሻህ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ። ትከሻህን ወደ ኋላ ሰብስብ፤ ብረቱን ወደ አንገትህ ሳይሆን ወደ ደረትህ የታችኛው ክፍል ቀስ ብለህ አውርድ። ብረትን ከአንገት ጀርባ ወደ ላይ መግፋት ለጊዜው ይቅርብህ።

የሲሚንቶውን ብረትም ፈትሽ። ልክ መሃሉ ላይ በገመድ አንጠልጥለው። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሁለቱ ቆርቆሮዎች እኩል አይመዝኑም፤ አንዱ ትከሻህ ሁሌም የበለጠ ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን ለሁለት ሳምንት ያህል ቤንች አቁም። እግርና የማያምህን ሁሉ ቀጥል። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በር እጀታ ላይ እሰር፤ ክርንህን 90 ዲግሪ አጥፈህ ጎንህ ላይ አጣብቅና ላስቲኩን ወደ ውጭ ሳብ። ቀለል አድርገህ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ስትመለስ ከቀድሞው ግማሽ ክብደት ጀምር፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምር። ዳይክሎፌናክ ውጦ ብረት መግፋት ግን አደራ! መድኃኒቱ ስሜቱን ይደብቃል እንጂ ጅማቱን አያድንም።

ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ፣ ክንድህን ማንሳት ካቃተህ፣ እጅህ ከደነዘዘ ወይም በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻለህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄደህ ታይ። ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት በደንብ ስለማያሳይ አልትራሳውንድ ሊታዘዝልህ ይችላል። ትከሻህ ድንገት ከወለቀ ደግሞ ወጌሻ እንዳይስበው። አብሮ የተሰበረ አጥንት ሊኖር ይችላል፤ ነርቭና የደም ሥርም እዚያው ነው የሚያልፈው። ክንድህን በነጠላ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።