የቅሬያችን መልእክት በቴሌግራም

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የአንድ ቅሬ (የእድር) ጸሐፊ ነኝ። ለአባላት መረጃ የምናደርስበት የቴሌግራም ግሩፕ ብንከፍትም፣ የቀብር ማስታወቂያ በሰላምታና በቪዲዮ መካከል እየጠፋ ተቸግረናል። ከቅሬው እርዳታ ያገኙ አባላትን ስም መለጠፋችንም ቅሬታ አስነሥቷል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለማስታወቂያ ከግሩፕ ይልቅ ቻናል ይሻላል፤ በቻናል ላይ የሚጽፉት ኃላፊዎቹ ብቻ ናቸውና። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበር በመሆኑ፣ የሙስሊም ቀብርም ሳይውል ሳያድር የሚፈጸም ስለሆነ፣ መልእክቱ በረጅም የሐዘን መግለጫ ሳይሆን በሟች ስም፣ በቀብሩ ሰዓትና ቦታ ይጀምር።

እርዳታ ያገኙትን ስም ግን፣ እባክዎ፣ ዛሬውኑ ያንሡት። ለሕክምና ገንዘብ የተዋጣለት ሰው ሕመሙ በየስልኩ ሲዞር ማየት ከችግሩ በላይ ይጎዳዋል፤ አንድ ጊዜ የተለጠፈውንም ሌላው ቀድቶ ሊያስቀረው ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። አባላት ማወቅ የሚገባቸው የገንዘቡን አያያዝ ነው፤ ስለዚህ በየወሩ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን በድምሩ ይለጥፉ፣ ዝርዝሩ በመዝገብ ተይዞ በተመረጡ ተቆጣጣሪዎች ይመርመር።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ፣ ቤት ለቤት የሚያስታውቀውን ሰው አያሰናብቱ።