«ይህ ሪፖርት እንጂ የጉዳይ ጥናት አይደለም»

ጥያቄ፦ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን የጉዳይ ጥናት ጽፌ ነበር። አማካሪዬ ግን «ይህ ሪፖርት እንጂ የጉዳይ ጥናት አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ቁጥሩም፣ ሰንጠረዡም፣ የመፍትሔ ሐሳቡም ተሟልቷል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ጽሑፍዎን ባናየውም «ተሟልቷል» ማለትዎ ራሱ ችግሩ የት እንደሆነ ይጠቁማል። መሟላት የሚፈለገው ከሪፖርት ነው። የሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ያዘጋጀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የበላይ አካል የሚጠብቀው ምን ታቅዶ ምን እንደተከናወነ፣ ክንውኑ በመቶኛ ስንት እንደሆነ፣ ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ እርምጃዎች ምን እንደነበሩ ነው። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር «የአምቡላንስ እጥረት» የምትል አንዲት መስመር ብትገባ ለሪፖርቱ በቂ ናት። የጉዳይ ጥናት የሚጀምረው ሪፖርቱ አልፏት ከሚሄደው ከዚህች መስመር ነው፦ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ቤተሰብ መጀመሪያ ለማን ደወለ? አምቡላንሱ የት ነበር? እንዲሄድ የሚፈቅደው ማን ነው? ነዳጁስ በየትኛው በጀት ይሞላል?

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በአንድ ክስተት ላይ ሁለቱም ሲጻፉ ነው። የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ አየር ላይ ተበታትና 7ቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሬገን ያቋቋሙትና በዊልያም ሮጀርስ የተመራው ኮሚሽን በዚያው ዓመት ጁን ወር ያቀረበው ሰነድ ሪፖርት ነው፤ መንኮራኩሯን ከሚያስወነጭፉት ሮኬቶች በቀኙ መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ መክሸፉን አረጋገጠ፣ የውሳኔ አሰጣጡን ጉድለት አሳየ፣ 9 ምክረ ሐሳቦችንም አቀረበ። ለምህንድስና ተማሪዎች የሚሰጡት የቻሌንጀር የጉዳይ ጥናቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በዋዜማው ምሽት በተደረገው የስልክ ስብሰባ ላይ ነው። የሮኬቱ አምራች የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች ማሸጊያው የጎማ ቀለበት በብርድ ጠንክሮ በደንብ እንዳያሽግ ቀርቶ ይሆናል ብለው ሠግተው፣ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ መንኮራኩሯ እንዳትነሣ መከሩ፤ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ሲሞግታቸው የኩባንያው ኃላፊዎች ለብቻቸው ተመካክረው ምክሩን ሻሩት። ጥናቱ የሚመረምረው ልምድ ያላቸው ሰዎች ማስጠንቀቂያውን በጆሯቸው ሰምተው «ትነሣ» ወደሚል ውሳኔ እንዴት እንደደረሱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሮኬት አልፎ ሆስፒታልንም ባንክንም የሚመለከት ጥያቄ ነው።

(ሐኪሞች «ኬዝ ሪፖርት» የሚሉት፣ የአንድን ታካሚ ሕመምና ሕክምና የሚገልጸው አጭር ጽሑፍ፣ ስሙ ቢያደናግርም የእርስዎ ጉዳይ እሱ አይደለም።)

እንግዲህ አማካሪዎን ዳግም ከማግኘትዎ በፊት «ይህ ጤና ጣቢያ የምን ምሳሌ ነው?» ለሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይጻፉ። መልሱ «የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው» ብቻ ከሆነ ገና ሪፖርት ላይ ነዎት። «መንገድ እያለ ትራንስፖርት የሚዘገይበት ቦታ ምሳሌ ነው» ማለት ከቻሉ ግን የትኛውን አዋላጅ፣ የትኛውን ሾፌር ማነጋገር እንዳለብዎ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይነግርዎታል። ሰንጠረዦቹን አይጣሏቸው፤ አባሪ ውስጥ ይግቡ።