የጥንቸል ጆሮ በክረምት ለምን ይበሰብሳል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከብቸና ነው። ባለፈው ጥር እህቴ ከባሕር ዳር አንድ ትንሽ ተክል አመጣችልኝ። ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ ሲዳስሱት እንደ ጥጃ ጆሮ የሚለሰልስ ነው። ሻጩ ፓንዳ ይባላል ብሏታል፤ እኛ ቤት የጥንቸል ጆሮ እንለዋለን። እስከ ግንቦት አምሮበት ነበር። ሰኔ ሲገባ ብርዱን ፈርቼ ከበረንዳ ወደ ሳሎን አስገባሁት፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖርኩት። ጠዋት ጠዋት ቡና ሳፈላ ለእሱም አንድ ስኒ ውኃ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አቧራ እንዳይዘው ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። አሁን የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው፣ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ውስጣቸው ይታያል። ገና ስነካቸው ይረግፋሉ። ውኃ አንሶት ይሆን ብዬ ብጨምርለት ባሰበት። እባክዎ ይድረሱልኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። የታመመው ከታች ነው፤ ጫፉ ገና ጠንካራ ከሆነ ይተርፍልሻል።

መጀመሪያ ዛሬውኑ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ውኃውን አቁሚ። ተክሉን ከነአፈሩ ከማሰሮው አውጪና አፈሩን አራግፈሽ ሥሩን እዪ። ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ሥር ደኅና ነው። ጠቁሮ የሚላላጠው ሞቷል፤ ቁረጪው። ቀጥሎ ግንዱን ከታች ወደ ላይ በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ። የሚሰረጉድ ቦታ ካገኘሽ በአልኮል በተጠረገ ቢላዋ ከዚያ በላይ ቁረጪ። የተቆረጠውን ፊት በደንብ እዪው። መሐሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ካለ ንጹሕ እስኪሆን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያልሽ መቁረጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንጀቱ አይችልም። ግን አንዲት ነጥብ ከቀረች ብስባሹ ወደ ላይ ይቀጥላል።

የተረፈውን ጫፍ ፀሐይ በማይመታው ደረቅ ቦታ ጋዜጣ ላይ አጋድሚው። ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆይ። ያለ አፈር ያለ ውኃ ይህን ያህል ቀን መተው ያሳሳል፤ አውቃለሁ። ቁስሉ ግን ቅርፊት የሚያበጀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ደረቅ አፈር ውስጥ ትከዪውና ለ10 ቀን ያህል ውኃ አታሳዪው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የመጀመሪያው የጥንቸል ጆሮዬ የሞተብኝ በ2006 ነሐሴ ነው። እንዳንቺው ከመስኮት ርቆ፣ እንዳንቺው በየቀኑ እየጠጣ። ያኔ አንድ ነገር ልብ አላልኩም ነበር፤ ይህ ተክል የሚጠማው በብርሃን ልክ ነው። በመጋቢት ፀሐይ በሳምንት ውስጥ የሚጨርሰውን ውኃ፣ ሰማዩ ለቀናት በማይገለጥበት የነሐሴ ወር፣ ጨለም ያለ ሳሎን ውስጥ ወር ሙሉ ላይጨርሰው ይችላል። ያልተጠጣው ውኃ ሥሩ ላይ ይተኛል። ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ ወደ ላይ መሳብ ስለማይችል ተክሉ የተጠማ ይመስላል። አንቺም አይተሽ ጨመርሽለት። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንዳሁላን ታውቂያለሽ አይደል? በየአጥሩ ሥርና በየድንጋይ ካቡ የሚበቅለውን? የጥንቸል ጆሮ የእሱ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ካላንቾ ከሚባለው ወገን ናቸው። ሙሉ ስሙ ካላንቾ ቶሜንቶሳ ነው፤ ቶሜንቶሳ ማለት በላቲን ጸጉር የለበሰ እንደማለት ነው። እንዳሁላ የኛው አገር ልጅ ስለሆነ የጎጃምን ክረምት ይችለዋል። የጥንቸል ጆሮ ግን አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ እዚያ የሚኖረው ውኃ በማያቆር ድንጋያማ ቦታ ላይ ነው። ወፍራሙ ቅጠል የውኃ ጎተራው ነው። ጸጉሩ ደግሞ የሚያቃጥለውን ፀሐይ ይመልስለታል፤ ነፋሱም ከቅጠሉ ላይ እርጥበቱን እንዳይወስድበት ይከልለዋል። ሌላም የሚደንቀኝ ነገር አለው። አብዛኛው ተክል የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታል። ይሄኛው ቀን ዘግቶ የሚከፍታቸው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሌሊት ሰብስቦ ያስቀምጥና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ምግቡን ይሠራበታል። ውኃ እንዳያባክን እንዲህ ተጠንቅቆ ለሚኖር ተክል በየጠዋቱ ስኒ ውኃ ምን ያህል እንደሚበዛበት አስቢው።

ታዲያ መቼ ይጠጣ? በቀን ቁጥር ብቻ አትመሪ። የእንጨት ስንጥር እስከ ማሰሮው ታች ስደጂና አውጪው። አፈር ይዞ ከወጣ ጠብቂ። ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ውኃው ከታች እስኪወርድ አጠጪና የወረደውን ድፊው። እኔ ቤት በበጋ በ10 ወይም በ15 ቀን አንዴ ይደርሳል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም በወር አንዴ፤ አንዳንዴ ሐምሌንና ነሐሴን ጨርሶ እዘለዋለሁ። ቅጠሉ በእውነት ሲጠማው ቀጠን ብሎ ይጨማደዳል እንጂ ቢጫ ሆኖ ውስጡን አያሳይም። ይህን ልዩነት ከያዝሽ ሌላው ይቀልሻል።

አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በናንተ በኩል ዋልካ ስለሚበዛ። ዋልካ ለጤፍ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ተክል ግን መቃብሩ ነው። ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። እኔ ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሽ ሻካራ የወንዝ አሸዋ አደርጋለሁ። አሸዋውን ጭቃው እስኪወጣለት አጥበዋለሁ። ከዚያ የከሰል ፍርካሽና ደቀቅ ያለ የሸክላ ስባሪ አንድ ሁለት እፍኝ እጨምራለሁ። ማሰሮው ሸክላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በጎኑም እርጥበት ያስወጣል። ጣሳም ይሆናል፤ ግን ታቹን በሚስማር አራት አምስት ቦታ ብሺው። ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ታች ጠጠር መደርደር አያድነውም። ውኃው ጠጠሩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ቦታውን ከቴሌቪዥኑ አንሺው። የውጭ አገር መጻሕፍት የደቡብ መስኮት ይላሉ። ያ ለአውሮፓ ነው። እኛ ከምድር ወገብ ወደ 10 ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው፤ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ቢሞቅም በክረምት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ለኛ የምሥራቅ መስኮት ይሻላል፤ በበጋም በክረምትም የጠዋት ብርሃን አይቀርበትም። መስከረም ላይ ወደ በረንዳ ስትመልሺው ግን ቀስ ብለሽ አለማምጂው፤ በአንዴ ከጨለማ ወደ ቀትር ፀሐይ ከወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት አስገቢው። ከ10 ዲግሪ በታች አይወድም፤ ውርጭ ከነካው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ይፈነዳል።

እርጥብ ጨርቁን ደግሞ ዛሬውኑ ተዪው። ጸጉሩ ውኃ ይይዛል፤ ቅጠሉ ጠባሳ ያወጣል ወይም ይሻግታል። ሲወለወልም ጸጉሩ ይረግፋል፤ አንዴ ከተላጨ ያ ቅጠል መልሶ አያበቅልም። አቧራውን ለስላሳና ደረቅ በሆነ ብሩሽ አራግፊለት። እኔ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ አለኝ፤ ለዚህ ብቻ የምጠቀምበት።

ጤነኛ ሆነው የረገፉ ቅጠሎች ካሉ አትጣያቸው። ከነመሠረቱ ሙሉ ሆኖ የወጣውን ቅጠል ለ3 ወይም ለ4 ቀን አድርቂና አሸዋ ባለው አፈር ላይ አስተኚው። ከሳምንታት በኋላ ቀጫጭን ሥር ያወጣል። ከዚያ ከሥሩ አጠገብ እንደ አይጥ ጆሮ የምታክል ቅጠል ብቅ ትላለች። ያቺን ያየሁባት ጠዋት ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ። ለማባዛት ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። አሁን ግን አደጋ ላይ ስለሆነ ወቅት አትጠብቂ፤ ያገኘሽውን ቅጠል ሁሉ አትርፊ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ስልሳ አልፏል። የኔው ጸጉራም ተክል የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ነው፤ ልጆቼ ታሟል ይሉኛል። ግንዱም ረዝሞ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቡናማው ጌጡ ነው። የመጣበት ተፈጥሮው ስለሆነ አይጨነቁ፤ ብርሃን ሲያገኝ እንዲያውም ይደምቃል። የግንዱ መርዘም ግን ብርሃን ፍለጋ ነው። መስኮት አጠገብ ያድርጉትና በየሳምንቱ ማሰሮውን ትንሽ ያዙሩት። የረዘመው ግንድ ተመልሶ አያጥርም። ዝናቡ ሲያባራ ጫፉን ይቁረጡና ለብቸናዋ ልጃችን እንዳልኳት አድርቀው ይትከሉት። ጉቶው በጎኑ ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል እሱንም አይንቀሉት። በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ግን ጸጉሩ አይደለም፣ ተባይ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ነክረው አንድ በአንድ ያንሱት፤ በሳምንቱም ይድገሙት። ጸጉሩ ውስጥ ስለሚደበቅ አንድ ጊዜ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ፍየሎችና አንድ ድመት አሉ። ልጄም ገና ዳዴ ይላል። ተክሉ ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ አዎ፣ እህቴ። ካላንቾዎች የልብን አመታት የሚያውክ ንጥረ ነገር አላቸው፤ በግ፣ ፍየልና ከብት ከበሉት ይመርዛቸዋል፤ ድመትና ውሻንም ያሳምማል። ለልጅ እጅ ደግሞ ልስላሴው ይጋብዛል። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ስቀዪው። ስትገርዢውም ቁርጥራጩን ለፍየሎቹ አትጣይ፤ ቅበሪው። ልጁ ከበላ ማስታወኩን ሳትጠብቂ ከቅጠሉ አንዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ሐኪሙ ምን እንደበላ ወዲያው እንዲያውቅ።